ውጭ ያደረው ጠመንጃ

ሆኪቲካ፣ አያቴ ቤት በረንዳ
መጋቢት መገባደጃ፣ አርብ ከምሳ በኋላ

አባዬ የኔ ጌታ፣

አዎ! ውጭ ነው ያሳደርኩት! መች ካድኩ? ግን ትናንት "የአባቴን ጠመንጃ ውጭ ጥለሽው አደርሽ አሉ!" ብለህ ጮህክብኝ፤ እኔ "አባዬ፣ ቆይ እንጂ" ስል ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ዛሬ ደግሞ ብደውል ብደውል አይነሳም። ጉድጓድ ወርደህ የሰው ወርቅ እየቆፈርክ ይሆናል። ስለዚህ ጻፍኩት። ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ፤ ስትወጣ ፊትህን ሳትታጠብ አንብበው።

ለመሆኑ ማን ነው ያስተማረኝ? "ብርድ የጠጣ ብረት እሳት ዳር ከገባ ያልበዋል፤ በነጋታው የማነጣጠሪያ መነጽሩ ጉም ይሆንና አጋዘኑ ፊትሽ ቆሞ ይስቅብሻል" ያልከው አንተ አይደለህም? ጥይቱን አውጥቼ፣ የአደን ጎጆው በረንዳ ጣሪያ ስር፣ ጠብታ በማይደርስበት ነው የሰቀልኩት። አጎቴ ፓኦራ ይሄን ነገረህ? አይነግርህም። እስቲ እኔ የሱን ልንገርህ።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ አደን ጎጆው ስንወጣ ያንን ከአውስትራሊያ የላክህለትን ብርቱካናማ የዝናብ ሽፋን ቦርሳው ላይ አጥልቆ እንደ ሙሽራ ይንጎራደዳል። "ወንድሜ የላከው ነው! ጠብታ አታልፈውም!"

"አጎቴ፣ ሽፋኑስ ይሁን፤ ውስጡንም ላስቲክ አድርግበት" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ! ትምህርት ጥለሽ ወጥተሽ ዛሬ ፕሮፌሰር ሆንሽ?"

"ዝናቡ ሰርተፍኬት አይጠይቅም" አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ያኔ።

ወንዙን ስንሻገር ውሃው ወገባችን ደረሰ። ሽፋኑ ከስር ውሃውን እንደ ባልዲ ቀድቶ ይዞት ቀረ። አጎቴ ደግሞ "ዛሬስ ቦርሳው ከበደኝ፣ አረጀሁ መሰለኝ" እያለ ዳገቱን ወጣ። ውሃ ተሸክሞ አባዬ! በዚህ ሁሉ ዝናብ ላይ ውሃ ተሸክሞ!

ጎጆው ደርሰን ሲፈታው የመኝታ ከረጢቱ እንደታጠበ በግ ይንጠባጠባል። ቅያሪ ልብሱም ክብሪቱም ገንፎ ሆኗል። ወደ ምድጃው ዞር ስንል የእንጨቱ ሳጥን ባዶ! ለሚመጣው ሰው ደረቅ እንጨት ሳይተው ከዚያ ጎጆ የሚወጣ ማን ነው? አንድ ጊዜ ረስቼ ብወጣ ከመንገድ መልሰህ አላስፈለጥከኝም? ከኛ በፊት እዚያ ያደረው ደግሞ ራሱ አጎቴ ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር። ሳጥኑን አየው፣ እኔን አየኝ፣ "አይጥ ይሆናል" አለ። አይጥ! እንጨት የምታነድ አይጥ!

ከዚያ በኋላ ሳቅ የለም። መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከንፈሩ ጠቆረ፣ ምላሱ ተሳሰረ። ባንተ ስም ይጠራኛል። "ታማቲ፣ ና በሩን ዝጋው" ይለኛል፤ በሩ ግን ዝግ ነው። ፈራሁ አባዬ። እውነቴን ነው።

የኔን ቦርሳ ፈታሁ። ውስጡ ያ ወፍራም ቢጫ ላስቲክ አለ፤ አፉን ጠምዝዤ፣ አጥፌ፣ አንተ እንዳሳየኸኝ ነው ያሰርኩት። እጄን ስከት ሁሉም ደረቅ፣ እንደ ዱቄት! እርጥቡን ልብስ አስወልቄ ጠረንህ ያልለቀቀውን የሱፍ ሸሚዝህን አለበስኩት፣ መኝታ ከረጢቴ ውስጥ ጠቀለልኩት። ከደጅ እርጥብ እንጨት ለቅሜ፣ ከብስክሌት ጎማ የቆረጥኩትን የውስጥ ላስቲክ ከስሩ ለኮስኩ። ጨሰ፣ ገማ፣ ግን ነደደ። ጠዋት ሻይ ይዞ "አተረፍሽኝ፣ ልጄ" አለኝ። በራሱ አፍ!

ቤት ስንገባ አያቴ "ምን ሆናችሁ?" ስትለው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ልጅቷ ዕቃውን በደንብ አላሸገችውም፣ ጠመንጃውንም ውጭ ጣለችው።" አፌን ስከፍት አያቴ "ዝም በይ፣ አጎትሽ ነው!" ዝም አልኩ። ላንተም ብዬ ነው፤ ሽፋኑን የላክኸው አንተ ነሃ! ደረቅ አገር ተቀምጠህ የኛን ዝናብ ረሳኸው እንዴ? ሽፋን መላክማ ምን ያቅታል። "አጋዘኖቹ ማግሳት ሲጀምሩ እመጣለሁ" አምናም ብለህ ነበር። ይሁን፣ ስለሱ አይደለም የምጽፈው።

አሁን ማግሳት ጀምረዋል፤ የአደኑ ወቅት ገብቷል። አጎቴ ነገ ጎህ ሲቀድ ወደዚያው ይወጣል። "አባትሽ ራሱ ደውሎ ካልፈቀደ አትመጪም" ብሎኛል። ዓመቱን ሙሉ ይሄን ነው የጠበቅኩት። ግን እሱ ብቻ አይደለም፤ ቅድም አጥር ላይ ምን አስጥቶ አየሁ? ያንኑ ብርቱካናማ ሽፋን! ብቻውን ሊወጣ ነው። ሰማዩን ብታየው ጠቁሯል። ውሸታም ነው፣ አናዶኛል፣ ግን አጎቴ ነው። ስለዚህ ደውልለትና "እሷ ካልሄደች አትሄድም፣ ዕቃውንም እሷ ታሽገው" በለው።

ሸሚዝህን ደግሞ "አጥቤ እመልስልሻለሁ" ብሎ ወስዶታል። እንዳያጥበው ንገረው። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

በገባህበት እግርህ በሰላም ያውጣህ፤ ከላይህ ያለው ድንጋይ ይጽናልህ። ተናድጄ ነው እንጂ አልተጣላሁህም።

ልጅህ ቲሪያ

እናንተ ጋ ፀሐይዋ ዘግይታ ነው የምትጠልቀው፣ በሷ እንዳታመካኝ። በኛ ጀምበር ነው የምልህ። ዕቃው የሚታሸገው ማታ ነው፤ ስልኩን ይዤ በረንዳው ላይ ነኝ። ሳይጨልም ደውል!