ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ሕግ

ረቡዕ
ተጫዋቾቹ ዛሬም «ጎል!» ይላሉ። የቆሙት አሥር ፒኖች በአንድ ኳስ ሲወድቁ ስትራይክ ይባላል ብዬ ስንት ጊዜ ልናገር? ኳሷ ጎን ያለው ቦይ ውስጥ ስትገባ «አውት»፤ የቀሩትን ፒኖች በሁለተኛው ኳስ ሲጥሉ ደግሞ «ፍጹም ቅጣት ምት»። ጭሮ ውስጥ አንድ ሆቴል ቦውሊንግ መጫወቻ ሲከፍት ደስ ብሎኝ ነበር። የእግር ኳስ ሜዳ አደረጉት።

ነጥብ የሚቆጥረው ማሽን ከመጣ ጀምሮ አልሠራም። የሆቴሉ ባለቤት ቃላቱንና የነጥቡን ሕግ ሰሌዳ ላይ እንድጽፍ ለመነኝ፤ የሂሳብ መምህር ነኝና ጻፍኩ። በሩ አጠገብ ከተሰቀለ ሁለት ሳምንቱ። ማንም አያነበውም።

ነገ ፍጻሜ ነው፣ ከጀማል ጋር። የገለምሶ ጫት ነጋዴ ነው፤ ኳሷን መኪና ላይ ጭነት እንደሚወረውር ሰው ነው የሚወረውራት። የአሸናፊው ስም ሰሌዳው አናት ላይ ይጻፋል።

ሐሙስ
አሸነፍኩ። በስምንት ነጥብ። እሱ አምስት ስትራይክ፣ ሌላውን ቦይ ውስጥ። እኔ አንድም ስትራይክ የለኝም፤ ስድስት ስፔር ግን አለኝ። የቀረውን በሁለተኛው ኳስ ማጽዳት ማለት ነው። ጥንቃቄ ማለት ይህ ነው! ነጥቡን በሰሌዳው ሕግ እኔው ደመርኩ። ጀማል «ሽማግሌ ጣለኝ» እያለ ሳቀ። ሃምሳ አራት ዓመት ሽምግልና ሆነ?

ስሜን በጠመኔ ጻፍኩ። በትልቁ።

ዓርብ
ጀማል ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ መንገድ ላይ አስቆመኝ።

«በርሲሳ» አለኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ሲል ነው። «ሰሌዳውን አነበብኩት። ስትራይክ አሥር ሲደመር የሚቀጥሉት ሁለት ኳሶች። ስፔርም አሥር ሲደመር የሚቀጥሉት ሁለት ኳሶች። ታዲያ ባንድ ኳስ መጣሌ ምን ጠቀመኝ?»

ሕግ በስሜት አይሠራም ብዬ ቆጣ አልኩበት። ወላሂ ለመረዳት ነው አለ።

የሚያናድደው ጥያቄው ልክ መሆኑ ነው።

ቅዳሜ
የማሽኑን መመሪያ ከሆቴሉ መጋዘን አስወጣሁ። ስፔር፦ አሥር ሲደመር የሚቀጥለው አንድ ኳስ። አንድ! መመሪያውን ሳላይ በቃሌ ነበር የጻፍኩት። ተማሪዬ ቢያደርገው ዜሮ ነበር የምሰጠው።

የሐሙሱን ነጥብ እንደገና ሦስት ጊዜ ደመርኩ። በሰባት ነጥብ ተሸንፌያለሁ።

ሕጉን ብቻ አርሜ ስሜን ብተወውስ? ማን ያውቃል? አስቤዋለሁ፤ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው።

እሑድ
አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ቆሜ ተናገርኩ፦ ሕጉን በስህተት የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያሸነፈው ጀማል ነው። ከኋላ አንዱ «ቫር ታይቶ ነው!» አለ፤ ሁሉም ሳቁ። ያንን የእግር ኳስ ቃል አላረምኩም።

ሕጉን አረምኩ፤ ስሜን አጠፋሁና ጠመኔውን ለጀማል ሰጠሁት። አልተቀበለኝም። «እርስዎ ይጻፉልኝ፤ ጽሕፈትዎ ያምራል» አለ። ጻፍኩለት። የአባቱንም ስም አስጨመረኝ።

ከዚያ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች፣ በጣቱ እየተከተለ፣ እንደገና አነበበው። አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁ። ሌላ ስህተት አላገኘም። ወይም አልነገረኝም።