በአጥራችን ላይ የተደፋው ጣሳ

ነቀምቴ፣ ኅዳር ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለኦቦ ጉሉማ፣ ቶኪዮ፤

ባሕር ተሻግረው በሰው አገር እንደምን ሰነበቱልኝ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። በቆሎው ገብቷል። ባለቤቴ ተረፋም ደህና ነው፤ ጉሮሮው ስለ ሻከረ ብቻ ከጸሎት ቤቱ መዘምራን ለጊዜው አርፏል።

ጃፓኖች ከሥራ ሲወጡ ቀይ የወረቀት ፋኖስ የተሰቀለበት ቤት ገብተው እየበሉና እየጠጡ ያመሻሉ፣ ለራሱ የሚቀዳም የለም ብለው የጻፉትን ሳነብለት፣ ተረፋ ሳቀና ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ሻይ ቀዳሁለት።

ልጃችን ሎሚ ደግሞ የአጎቴን ፋኖስ እሰቅላለሁ ብላ፣ ፋኖስ ብታጣ ጣሳ በእንጨት ላይ ደፍታ አጥራችን ላይ አቁማዋለች። የጠላ ቤት ምልክት መሆኑን የት ታውቃለች? ሮጬ ነቅዬ ስመለስ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ገብቶ ተቀምጧል።

«ተሳስተዋል፣ ይሄ መጠጥ ቤት አይደለም» አልኩት።

ሰውዬው ግን ጥግ ወደ ተቀመጠው ወደ ተረፋ ዞሮ፣ «አንተ ተረፋ፣ ዛሬ ደግሞ እዚህ ነህ እንዴ?» አለው።

ሎሚ ጉልበትዎን ስማለች። ሲጽፉላት ስለ ትምህርትዎ ይጻፉላት እንጂ፣ እባክዎ ፋኖሱን ከእንግዲህ አያንሱላት። በሄዱበት ሁሉ ጌታ ይቅደምልዎ።

እህትዎ ድርቤ