ግራ እጅ ከግድግዳ አይለቅም

ለእታለሜ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ልጆቹስ? የትንሿ ጥርስ ወለቀ ወይስ አሁንም በምላሷ እየገፋች ትወዘውዘዋለች? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ስልሽ ገላዬን ማለቴ ነው፤ ጭረት እንኳ የለብኝም። የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

ሁለት መንገድ ተሻግሮ ለሚመጣ ሰው ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪኝ። ከእሁድ ወዲህ ሁለቴ በራችሁ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ደወሉን ልነካ እልና እጄን ኪሴ ከትቼ እመለሳለሁ። የሚነድ ቤት ሰብሮ የሚገባው ወንድምሽ የእህቱን በር ፈራ! ሳቂ፣ ግድ የለም፤ ብቻ ሳትጨርሺው እንዳታስቀምጪው።

እሁድ ምሳ ላይ ስለ ጋሼ የተናገርሽው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ባሌ አረጀ፣ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ግድግዳ እየተደገፈ ነው የሚመጣው፣ መሀል ላይ ደግሞ ፎቶ የሚያይ መስሎ ይቆማል ብለሽ ሳቅሽ። እሱም ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረና ይሄ ጉንፋን አልለቅ አለኝ አለ። እኔም ከአንገት በላይ ሳቅሁ። እታለም፣ ጉንፋን አይደለም።

የፍራሽ መጋዘኑ ከተቃጠለ ሦስት ሳምንት ሆነው። ዘበኛው ውስጥ ቀርቷል ስላሉን እኔና ጋሼ ገባን፤ እኔ ከፊት፣ እሱ ቀበቶዬን ይዞ ከኋላ። ጭስ ውስጥ የገዛ እጅሽን አታዪውም። ስለዚህ ስትገቢ ግራ እጅሽ ከግድግዳ አይለቅም፤ ስትወጪ ዞረሽ ያንኑ ግድግዳ በቀኝሽ ይዘሽ ትመለሻለሽ። ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ እናንተ ሳሎን ውስጥ፣ ዓይኔን በሻርፕሽ አስሮ። የአበባ ማስቀመጫሽን የሰበርኩትም ያን ቀን ነው፤ ድመቷን በከንቱ ነው የገረፍሻት።

መጋዘኑ ውስጥ ግድግዳው የበር ክፍተት ላይ ተቋረጠብኝ። እጄን ዘርግቼ ቀጣዩን ስፈልግ ብረት ነካሁ። ለካ የቆርቆሮ መደርደሪያ ነው፤ በወፍራም ጓንት ምኑ ይታወቃል! ግድግዳ ነው ብዬ እሱን እየዳበስኩ ጋሼን አስከትዬ ዞርኩት። አንድ የተገለበጠ ጋሪ ለሦስተኛ ጊዜ በጉልበቴ ስመታው ነው አንድ ቦታ እንደምንዞር የገባኝ።

ሐሞቴ ፈሰሰ። የፈራ ሰው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ጀርባችን ላይ ያለው አየር በልክ ነው። የእኔ ሲሊንደር ማፏጨት ጀመረ፤ ሊያልቅ ሲል እንደዚያ ነው። ፉጨቱ ሲቆም ጭንብሉ ፊቴ ላይ ተጣበቀ። ጋሼ የእኔን ነቅሎ የራሱን አጠለቀልኝ። ቱቦው አጭር ስለሆነ ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀን፣ እሱ ግድግዳውን ፈልጎ አግኝቶ እየጎተተኝ፣ እየዳኽን ወጣን። ለካ ዘበኛው ውስጥ አልነበረም፤ ማዶ ቆሞ ሲያየን ነበር።

ውጭ ለጠየቁት ሁሉ ጭንብሌን መደርደሪያ ነጠቀኝ አላቸው። እኔን ግን ለብቻ ወስዶ እህቴ ትሙት ብለህ ማልልኝ አለኝ። ግድግዳ መልቀቄ ከታወቀ እንደምባረር ያውቃል፤ ሐኪም ካየው ደግሞ እሱን ከእሳት አደጋ ሥራ ያወጡታል። ማልኩ። ዛሬ ይኸው አፈረስኩት፤ ፈጣሪ ክፉውን ካንቺ ያርቅልኝ።

እፈራለሁ እታለም። ጣቢያው ደረጃ ላይ አራተኛው እርከን ሲደርስ ጫማውን የሚያስር መስሎ ጎንበስ ይላል። እኔ ከታች ሆኜ ትንፋሹን እቆጥራለሁ። ትናንት ሳይነሳ ብዙ ቆየ። የፈሩት ይደርሳል የሚሉትን ተረት ያመጣውን ሰው ባገኘው!

ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። የስፖንጅ ጭስ ነው፣ ያለ ጭንብል ነው፣ ደቂቃው ብዙ ነው ብለሽ ንገሪያቸው፤ እሱ ጉንፋን እንዳይላቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ትል የለም እናታችን? እምቢ ካለሽ ለኃላፊያችን ዛሬ ጠዋት ሁሉን መናገሬን ንገሪው፤ ከእንግዲህ የሚደብቅልኝ ነገር የለም። እኔን ምን እንደሚያደርጉኝ ገና አላወቅሁም።

ፈጣሪ ትንፋሹን ይመልስለት። ቤትሽን ሳቅ አያሳጣው፣ ልጆችሽን አባት አያሳጣቸው።

ለኃላፊያችንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ስንዳኽ አንዴ የጋሼ እጅ መጥቶ ጭንብሉን ዳሰሰ፤ እሱ የሚተነፍስበት ተራ ነበር። ጭንብሉን በሁለት እጄ ፊቴ ላይ ጨብጬ ያዝኩት። እጁ ሁለተኛ አልመጣም። ያን ሰዓት ራስህን ስተህ ነበር ይለኛል፣ ሳልጠይቀው፣ በየሁለት ቀኑ።

አልሳትኩም።

ታናሽ ወንድምሽ