የሻርፕህ መጨረሻ

አፈወርቅ፣ ቁጭ ብለህ አንብብ። ያዋስኸኝን የሱፍ ሻርፕ ጓሳ ተራራ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ነጥቆኝ ገደል ገብቷል፤ ለቅሶ መቀመጥ ግን አያስፈልግም።

የልጅ ልጄ ጽናት እዚህ ብርዳማው መሐል ሜዳ ከተማ ለሩጫ ውድድር ስትለማመድ ደረቷ እንደ ወናፍ አፏጨ። "አባባ፣ ልተወው መሰለኝ" ብላ አለቀሰች። በእኛ በዓለም ከተማ ለስላሳ አየር የሚይዛት ሳል ብቻ ስለነበር አንተ "ስንፍና ነው" ብለሃት ነበር፤ ለካ አስም ኖሯል። እዚህ ያያት ሐኪም እንዳለን፣ ስትሮጥ በአፏ የምትስበው ደረቅ ብርድ የአየር ቧንቧዋን ሲያደርቀው፣ እዚያ ዘብ የቆሙት የመከላከያ ሴሎች ጠላት የገባ ይመስላቸዋል፤ የሚለቁት ንጥረ ነገርም ቧንቧውን ያጠብበዋል።

"የአፈወርቅ ውሻ ነው በለኛ" አልሁት፤ "ነፋስ በር ሲገፋ ሌባ መጣ ብሎ መንደር ይቀሰቅሳል።"

"ውሻውንማ አያባርሩትም አባቴ፤ ያረጋጉታል" አለኝ።

ከሩጫ በፊት የሚሳብ መድኃኒት ሰጣት፤ ቀስ ብላ ሰውነቷን እንድታሟሙቅ፣ አፏንም እንድትሸፍን መከራት። ዛሬ ተወዳድራ አራተኛ ወጣች፤ ደረቷም አላፏጨ።

ባለቤትህን አመተሥላሴን ሳምልኝ፤ ውሻውንም። የፖስት ካርዱ ቦታ ሳያልቅ ልናዘዝ፦ ጭላዳው የእኔ ፈጠራ ነው። ሻርፕህ ጽናት አፍ ላይ ታስሯል፤ እስካሁን አልፈታችውም። መልሺ ማለት ካማረህ ራስህ ንገራት።