የኮምፒውተሬን ስም የቀየረው ኪቲላ አይደለም

ቀን፦ የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለማር አምራቾች ማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ
ለአቶ ዲበኩሉ
መቱ

ጉዳዩ፦ ራሴ ያቀረብኩትን ክስ ስለማንሣትና አቶ ኪቲላ ወደ ኖፓ ቅርንጫፍ እንዲሄድ የተወሰነበት ዝውውር እንዲሰረዝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች የማኅበሩ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስሆን፣ ጥር 30 ቀን በጻፍኩት ሁለት ገጽ ተኩል አቤቱታ የኮምፒውተር ባለሙያችን አቶ ኪቲላ ሆን ብሎ እንደሚያፌዝብኝ ከስሼ ነበር። ያ ሁሉ ገጽ ስሕተት ነው። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህን የምጽፈው እየሳቅሁ ነው።

1. እትዬ ፈትለወርቅ በጡረታ ሲሰናበቱ ኮምፒውተራቸውን አስረከቡኝ። በስማቸው ይጠራ ስለነበር በማግሥቱ ስሙን "ሳያት" አልኩት። ይህ ስም በማር መረከቢያው ወረቀት ግርጌ ይታተማል፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ቤቴ ወስጄ ለጎረቤት አሳይቻለሁ።

2. ሆኖም መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ስሙ ተመልሶ "ፈትለወርቅ" ይሆናል። መብራታችንን ደግሞ እርስዎም ያውቁታል። ከዳሪሙ ማር ያመጡት ጋሼ ጭምዴሳ ወረቀቱን አንብበው "እትዬ ፈትለወርቅ ተመለሱ እንዴ? ተመስገን!" ያሉኝ ቀን ምሳ አልበላሁም። ይህን ሊያደርግ የሚችል ኪቲላ ብቻ መሰለኝ። በሠራተኞች ስብሰባ ተነሥቼ "ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ዐይንህ አያይም?" አልኩት። "ዋቃን እትዬ ሳያት፣ አልነካሁትም" ብሎ በአምላኩ ማለ። አላመንኩትም፤ ጻፍኩ። እርስዎም ማስጠንቀቂያና ዝውውር ወሰኑበት።

3. ባለፈው ሰኞ ኪቲላ ለሥራ ያዮ ሄደ። ማክሰኞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ስሙ እንደገና "ፈትለወርቅ"! እሱ ያዮ ሆኖ እንዴት? ደወልኩለት። "የኔትወርኩን ገመድ ይንቀሉና ይሞክሩት" አለኝ። ነቅዬ አበራሁ፤ ሳያት። ሰክቼ አበራሁ፤ ፈትለወርቅ። ለካ፣ ኪቲላ በስልክ እንዳስረዳኝ፣ ኔትወርኩን የሚያስተካክለው ፕሮግራም በተነሣ ቁጥር ከማኅበሩ ዋና ማሽን አድራሻ ሲቀበል፣ እዚያ በአሮጌው ዝርዝር ያለውንም ስም አምጥቶ በእኔው ላይ ይጽፍበታል። የእትዬን ጡረታ ለማሽኑ የነገረው የለም! አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩት፤ ከሦስተኛው በኋላ ያለው ለማረጋገጥ ሳይሆን ደስ ስላለኝ ነው። የጽዳት ሠራተኛችን ገለኔን ጠርቼ ሳሳያት "ታዲያ ሚስቱ ልትወልድ የደረሰችበትን ሰው ወዴት አስላክሽው?" አለችኝ። ያኔ ሳቄ ቆመ።

4. ኪቲላ ትናንት ተመልሶ ዝርዝሩን በሁለት ደቂቃ አቃናው። "ኖፓም ሰው ይኖራል፣ እትዬ" ብሎኝ ብቻ ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ዝውውሩ ከሚጸናበት ከሰኞ የካቲት 21 በፊት እንዲሰረዝለት፣ ማስጠንቀቂያውም ከማኅደሩ እንዲወጣለት፣ በስብሰባ ጮኼ እንደከሰስኩት ሁሉ በስብሰባ ቆሜ ይቅርታ እንድጠይቀው እንዲፈቀድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ለኖፓ የግድ ሰው ያስፈልጋል ከተባለ እኔ ልሂድ፤ እዚያ ደርሼ ደግሞ ማንን እንደምከስ አላውቅም እንጂ።

ከአክብሮትና ከሐፍረት ጋር ሰላምታዬ ይድረስዎ

ሳያት ፈንታሁን
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለአቶ ኪቲላ፤ ሻንጣውን ሳይዘጋ እንዲደርሰው ዛሬውኑ በእጄ የምሰጠው