የዋይፋዩን ፓስወርድ የምታውቀው ማርታ ናት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ አዲሱን ፕሪንተር ከካርቶኑ አወጣሁ። የነገውን የመዝሙር ወረቀት ፕሪንት ላደርግ ለቤተክርስቲያን ቃል ገብቻለሁ። የዋይፋይ ፓስወርድ ጠየቀኝ። የሁላችንንም ልደት፣ የባጃጁን ታርጋ፣ ሁሉን ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። ፓስወርዱን ያስገባችው ልጄ ማርታ ናት። ሽማግሌ ሳይላክ ከአንድ ልጅ ጋር ጠፍታ በዴሳ ከተማ ከገባች ወዲህ አላናገርኳትም።

«የማርታ አባት፣ ደውልላት እንጂ» አለች ሚስቴ።

«ሽማግሌ ሳይመጣ? እኔ?»

«እንግዲያው መዝሙሩን በእጅህ ገልብጠው!» ብላ ራሷ ደወለች፤ ስፒከር ላይ አደረገችው።

ማርታ ሳቀች። «የአባባ ስልክ ቁጥር ነው። እንዳይረሳው ብዬ ነበር እኮ!»

ፕሪንተሩ ሠራ። ሚስቴ ስልኩን ስታቀብለኝ ግን ፕሪንተሩ ውስጥ ወረቀት የምጨምር አስመሰልኩ። ሽማግሌ እስካሁን አልመጣም። ጥሎሹም አልተከፈለም።