ለሰላም ንግግር የተዋሱት የሙሽሮች ወንበር

ለክቡር ዋና አደራዳሪ
የየመን የሰላም ንግግር ጽሕፈት ቤት
ጅቡቲ

ግንቦት 2007 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤንነትን፣ ለባልደረቦችዎ ደኅንነትን፣ ለአዳራሹ ማቀዝቀዣ ደግሞ ሳይቋረጥ መሥራትን አጥብቄ እመኛለሁ፤ በዚህ ሙቀት ያለ ማቀዝቀዣ ስለ ሰላም ማሰብ እንደማይቻል እኛ የካርቲዬ ሁለት ሰፈር ነዋሪዎች በራሳችን አይተነዋልና። በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። በፈረንሳይኛ ስጽፍ ትሕትናዬ ከልክ ያልፋል፤ ደግሞም ሁለቱ ወገኖች መነጋገር ስላቆሙ ሥራ የፈቱ አስተርጓሚዎች እንዳሉዎት ሰምቻለሁ።

ዓለምነሽ ገብረኪዳን እባላለሁ። አያቴ ከባቡሩ ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ልጄ ማርያማዊት ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እንድትዳር ቀን ቆርጠን፣ እርስዎ አሁን የሚሰበሰቡበትን የሀራሙስ አዳራሽ ከገና በፊት ይዘን ነበር። እጮኛዋ እንድሪያስ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ኤደን ወደብ ላይ በመካኒክነት ሲሠራ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋበት። እንግዲህ ክቡርነትዎ ሙሽራውን የሚያመጣልኝን ሰላም በዚያው በሠርጉ አዳራሽ ውስጥ እያዘጋጁልኝ ስለሆነ፣ ከእኔ በላይ ሊያመሰግንዎ የሚገባ ሰው የለም። ምስጋናዬንም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. አዳራሹን ለጥቂት ቀን ብለው ስለወሰዱልን አመሰግናለሁ። የእርስዎ ጥቂት ቀን በተራዘመ ቁጥር የእኛም ሠርግ ተራዘመ። አሁን የሐዋርያት ጾም ሊገባ ነው፤ ጾሙ ከገባ ደግሞ የሚያጋባልን ካህን አናገኝም። ይህን ለጽሕፈት ቤትዎ ባመለክት አንዲት ጨዋ ሠራተኛዎ፣ ጾሙ ወደ ሌላ ጊዜ እንዲዛወር ለማን መጻፍ እንደሚቻል በቅንነት ጠየቀችኝ።

2. ከቀትር በኋላ ጫት ሲገባ ስብሰባው እንዲበተን ሁለቱም ወገኖች ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ መስማማታቸውን የአዳራሹ ጥበቃ ጅብሪል ነግሮኛል። እስካሁን የተደረሰበት ብቸኛ ስምምነት ነውና እንኳን ደስ አለዎት።

3. ዋናው ግን የወንበሩ ጉዳይ ነው። መድረኩ ላይ ያሉት፣ ነጭ ሳቲን የለበሱት ሁለት ወንበሮች የሙሽሮች ናቸው። ያሠራኋቸውም፣ ሠርጉ ደረሰ ብዬ አስቀድሜ ያስገባኋቸውም እኔ ነኝ። የእርስዎ ሰዎች የክብር ወንበር መስሏቸው የሁለቱን ወገን መሪዎች ለፎቶግራፍ አስቀመጡባቸው። ጅብሪል ደግሞ መዋሸት የማያውቅ ሰው ስለሆነ፣ ሲጠየቅ በስተግራ ያለው የሙሽሪት መሆኑን ተናገረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሙሽሪት ወንበር ተቀምጦ ተኩስ አቁሙን የሚፈርም ጀግና ጠፋ። ወንበሮቹ ይነሡ ቢባል፣ አስቀድሞ ከወንበሩ የተነሣ ወገን እንደ ተሸነፈ ይቆጠራል ተባለ። ክቡርነትዎም ነገሩን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ አቋቋሙ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። ከዚያ እንድሪያስ ደወለ። "እትዬ፣ ጀልባ አግኝቻለሁ፤ ነጂው ግን ተኩስ አቁሙ ሳይፈረም ከወደብ አልወጣም ብሏል። ምን ይዟቸው ነው የማይፈርሙት?" አለኝ። በወንበር ምክንያት ነው ልለው አፌ እምቢ አለኝ፤ ሊፈርሙ ነው ብዬ ዋሸሁት። ከኋላው ተኩስ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሣም።

ማርያማዊት ቬሎዋን ከሻንጣ ታወጣለች፣ መልሳ ታጥፋለች። እኔ ሱቄን ከፍቼ ሳልውል እዘጋለሁ፤ ወደብ ወርጄ ከየመን በመጣው ጀልባ ሁሉ የሚወርደውን ሰው ፊት አንድ በአንድ አያለሁ፤ መንገድ ላይ ስልኬን አሥር ጊዜ አወጣለሁ። እናንተ ዘንድ ሰው ከመቀመጫው አልነሣም ብሎ ሲጣላ፣ እኔ መቀመጥ አቅቶኛል። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። በትሕትና ልሸፍነው ብሞክርም ፈርቻለሁ።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱ መሪዎች ቆመው ይፈርሙ። ኤደን ውስጥ ውኃ ለመቅዳት የተሰለፈው ሕዝብም ቆሞ ነው የሚውለው፤ በመቆሙም እስካሁን ክብሩ ተነካ ያለ የለም።

ለቀጣዩ ማራዘሚያዎ ከወዲሁ እጅ የምነሣ፣ ለንዑስ ኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜ የማልመኝ፣ የክቡርነትዎ ታዛዥና አዳራሽ አልባዋ የሙሽሪት እናት፣

ዓለምነሽ ገብረኪዳን
ካርቲዬ ሁለት፣ ጅቡቲ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ ልቤ አላርፍ ስላለኝ፣ ዛሬ ጠዋት ጋሪ ይዤ መጥቼ የሙሽሪትን ወንበር ወስጃለሁ። ጅብሪል ሊከለክለኝ ሞክሯልና እንዳይቆጡት። ልጄ እዚህ ናት፤ ወንበሯም ከእሷ ጋር ይሁን። የሙሽራውን ወንበር ግን እዚያው ትቼልዎታለሁ፤ እንድሪያስ ካልመጣ እኔ ቤት የሚቀመጥበት የለም፣ እናንተ ዘንድ ግን ፈላጊው ብዙ ነው።